የረቡዕ ኪስ

ኑ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ሥራ የያዛችሁ ሥራችሁን እንደያዛችሁ ስሙኝ፤ እኔም መርፌዬን አላስቀምጥም። የማወራችሁ ስለ ሁለት ጎረቤቶቼ ነው። የሁለቱ ዕድሜ ሲደመር መቶ አርባ ስምንት ዓመት ይሆናል፤ ፍቅራቸው ግን ገና ጥርስ አላበቀለም ነበር።

እሷን ሰፈሩ እትዬ ደወል ይላታል። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች፤ ደወሉን ለማንም አታስነካም፣ ራሷ ነበረች የምትደውለው። ጡረታ ከወጣች በኋላም አንድ ነገር ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ካለፈ ያማታል። እሱን ጋሽ ፍሬን ይሉታል። የዚያው ትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ጉድጓዱ ገና ከሩቅ ሳለ ፍሬን የሚይዝ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ነድቶ የአንድ ልጅ አፍንጫ ያላስደማ ሰው ነው። እኩዮቼ ስለሆኑ አንቱ እያልኩ አላርቅባችሁም፤ እሷ፣ እሱ እያልኩ አወራላችኋለሁ። እነሱ ግን እርስ በርሳቸው ሁልጊዜ “እርስዎ” ነው የሚባባሉት። እሷ “እርስዎ” የምትለው ሠራተኛ ማክበር ስለምታውቅበት ነው። እሱ “እርስዎ” የሚላት ዳይሬክተር ስለሆነች ነው። ሁለቱ “እርስዎ” እኩል እንዳልሆኑ እናንተም ታውቃላችሁ።

የእሷ ባል ከሞተ ዘጠኝ ዓመት፣ የእሱ ሚስት ከሞተች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። እሷ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ እሱ ምድር ቤት፣ በጓሮ በኩል። እኔ ደረጃው ሥር ልብስ እሰፋለሁ፤ ስለዚህ የወጣም የወረደም በእኔ በር ነው የሚያልፈው። ያላየሁትንም ቢሆን በኋላ ሁለቱም ተራ በተራ እየመጡ ነግረውኛል። ሲነግሩኝ ደግሞ አንዱ “ለእሷ እንዳትነግሪ” ይላል፣ ሌላዋ “እሱ እንዳይሰማ” ትላለች።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እሱ ደረጃው ግርጌ ይቆማል። ወደ ላይ አይወጣም። አውቶቡሱን አስነስቶ በር ላይ የመጠበቅ ልማድ አለቀቀውም።

“ዘገዩ እኮ እትዬ።”

“ሁለት ደቂቃ ነው። ጉልበቴ ነው የዘገየው፣ እኔማ ቀድሜ ነበር።”

“ታዲያ ጉልበትዎን ቀደም ብለው ይቀስቅሱት።”

እንዲህ እየተባባሉ ዋናውን መንገድ ተሻግረው ወደ ኳስ ሜዳው ይሄዳሉ። ሐኪሙ “ጉልበትዎ እንዳይደርቅ በየቀኑ ይራመዱ” ብሏት፣ ሜዳውን አራት ዙር ይዞራሉ። ከዚያ አጥሩን ይዛ በአንድ እግሯ ትቆማለች፤ እስከ ሃያ ትቆጥራለች፣ ድሮ ተማሪዎቿን በምታስቆጥርበት ድምፅ። እሱም አብሮ በአንድ እግሩ ይቆማል። ዐሥራ አራት ላይ ሁልጊዜ እግሩ ይወድቅበታል፤ “ከመጀመሪያው” ትለዋለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ጋሽ ፍሬን የደም ግፊቱን ክኒን በአንድ ጠዋት ሁለቴ ውጦ ደረጃው ላይ ራሱን ሳተ። “ክፍሌ ጨለማ ነው፣ አምታትቼው ነው” አለ። እትዬ ደወል በማግሥቱ የጠረጴዛ መብራት ገዝታ ላከችለት። መብራቱ ግን አልበቃትም። ከእኔ ቁርጥራጭ ጨርቅ ወሰደች፤ በስፌት መኪናዬ ልስፋልሽ ብላት እምቢ አለችና በእጇ ሰባት ኪስ ያለው የግድግዳ ማንጠልጠያ ሰፋችለት። የሰኞ ኪስ ላይ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የማክሰኞ ላይ ሁለት፣ እንዲህ እያለች እሑድ ላይ ሰባት። ስፌቷን አትጠይቁኝ፤ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። በየእሑዱ የሳምንቱን ክኒን ትሞላለታለች፣ በየቅዳሜው የእሑዱን ክኒን አስቀርቶ ባዶውን ይመልስላታል።

ያን ጨርቅ የሚወደው በጣቱ ስለሚያነበው ነበር። ክፍሉ አልጨለመም፤ የጨለመው ዓይኑ ነው። የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሸፍኖት፣ ሰው ሁሉ በጭጋግ ውስጥ እንደሚሄድ ጥላ ሆኖበታል። ለማንም አልተናገረም። ዕድሜ ልኩን በዓይኑ እንጀራ የበላ ሰው “አላይም” ማለት ምን እንደሚከብደው አስቡት። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። መንገዱን ሲሻገሩ ክንዷን የሚይዛት እሱ ነው። “አሁን” ሲል ትራመዳለች። እሷ የምታምነው ዓይኑን ነው፤ እሱ የሚሻገረው በጆሮው ነበር። የጭነት መኪና ምን ያህል እንደራቀ፣ ታክሲው ማርሽ ቀንሶ እንደሆነ፣ ሞተር ብስክሌት ከየት እንደሚመጣ ከድምፁ ያውቃል። “እንደማላይ ካወቀች ክንዷን አትሰጠኝም” ብሎ ነው የፈራው። ያችን ክንድ ማጣት ከዓይኑ በላይ ያንገበግበው ነበር።

አንድ ማክሰኞ እትዬ ደወል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራታ ወደቀች። ከእርጥቡ ወለል ላይ መነሳት አቅቷት ቆየች። ጠዋት መዘግየቷ አስፈርቶት ደረጃውን ወጥቶ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ያነሳት ጋሽ ፍሬን ነው። ስብራት አልነበረም፤ ዳሌዋ በለዘ፣ ክብሯም ትንሽ በለዘ። ወሬው ግን በሌላ ከተማ ለሚኖረው ለኢንጂነሩ ልጇ ደረሰ።

ልጇ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ያን ቀን እንኳ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲፈትሽ ነበር የቆየው።

“እማዬ፣ ክፍልሽ ተቀብቷል። ፀሐይ የሚገባበት ነው። ምንም ነገር አትሠሪም፤ ቁጭ ብለሽ መጦር ነው።”

“ቁጭ ብዬ?”

“አዎ፣ ቁጭ ብለሽ።”

“እስከ መቼ?”

ልጁ የወለሉን አቧራ ከጉልበቱ አራገፈ። “ስልክ ደውዬ ካላነሳሽ ነፍሴ ነው የምትወጣው። ስብሰባ ላይ ሆኜ የማስበው አንቺን ነው፤ የት ወድቃ ይሆን እያልኩ” አላት። ይኼን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ድምፁን ሊያስተካክል ሲል ግን ሌላውን ነገር አወጣው። “ደግሞ ሰው እያወራ ነው። ጠዋት ጠዋት ክንድ ለክንድ ተያይዛችሁ ከሾፌሩ ጋር… የአባዬን ስም አስቢው እንጂ።”

“የአባትህ ስም መቃብሩ ላይ በደንብ ተጽፏል። እኔ ስራመድ አይፋቅም።”

ያም ሆኖ “የዛሬ ሳምንት መኪና ይዤ እመጣለሁ” ሲላት እምቢ አላለችም። ልጇን ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ማየቷ አንጀቷን በልቶታል። ሲሄድ በመስኮት እያየችው፣ ልክ እንደ መጀመሪያ ቀን ተማሪ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

እሑድ ጠዋት፣ ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ለጋሽ ፍሬን ነገረችው።

“ልጄ ቅዳሜ ሊወስደኝ ነው።”

ግማሽ ዙር ያህል ክንዷን እንደያዘ ተራመደ። “ደግ ልጅ ነው” አለ በመጨረሻ። “ትንሽ ሆኖ የኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ሁልጊዜ የመጨረሻው ወራጅ እሱ ነበር።”

የጠበቀችው ይህን አልነበረም። ምን እንደጠበቀች ብትጠይቋት “ምንም” ትላችኋለች፤ ግን የዚያን ቀን ከአራት ዙር አልፋ ስድስት ዞረች፤ እሱም ለምን ሳይላት አብሯት ዞረ።

ከሰዓት በኋላ ክኒኑን ስትሞላ ደብዳቤ ጻፈች። ሁለት ገጽ። ፊት ለፊት ተናግራ እምቢ ቢላት መሬት እንደምትገባ ታውቃለች፤ ለሰው ጉዳይ እንጂ ለራሷ ጉዳይ ለምና አታውቅም። የምትለው ነገር ይኼው ነበር፤ እንድቀር ከፈለግህ ሐሙስ ጠዋት ታች አትጠብቀኝ፣ ደረጃውን ውጣና በሬን አንኳኳ። ካልፈለግህ እንደ ወትሮው ታች ቆይ፤ እንደ ወትሮው እንሄዳለን፤ ስለ ደብዳቤውም አንዳችንም አናነሳም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችውና የረቡዕ ኪስ ውስጥ ከክኒኑ ሥር ጨመረችው። ሰኞ ቢያገኘው ቸኮለች ይላል፣ ዓርብ ቢያገኘው ይረፍዳል። ኪሱን ከዘጋች በኋላ እንኳ ሦስት ጊዜ ከፍታ፣ አለ ወይስ የለም ብላ ዳሰሰችው።

ረቡዕ ጠዋት ሦስቱን ቁልፍ በጣቱ ቆጥሮ እጁን ሲከት ወረቀት አገኘ። ወደ መስኮቱ ወሰደው። መብራቱን አብርቶ አፍንጫው ድረስ አስጠጋው። መነጽሩን አደረገ፤ አወለቀ። ነጭ ላይ ግራጫ ጉም፣ ሌላ ምንም። ወረቀቱ ሁለት ገጽ መሆኑን፣ እጇ ብዕሩን ጫን አድርጎ መጻፉን ግን በጣቱ ዐወቀ። ዳይሬክተር የክኒን ትእዛዝ በሁለት ገጽ አትጽፍም። ስንብት ነው ብሎ አሰበ።

እኩለ ቀን ላይ ወደ እኔ ክፍል መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ኮቱ ውስጥ ከቶ፣ አሥር ጊዜ እግሩን ቀያየረ።

“ምን ፈለግህ ጋሼ?”

“ክር… ጥቁር ክር ፈልጌ ነው እህቴ። ቁልፍ ወልቆብኝ።”

“ከሳጥኑ አንሳ።”

እጁን ወደ ሳጥኑ ሰዶ ነጭ ክር አነሳ። “ይኸው ይኼ ነው፣ ተባረኪ” ብሎኝ ሄደ። ኮቱ ውስጥ የያዘው ምን እንደሆነ አላወቅሁም፤ ዓይኑ ምን እንደሆነ ግን የዚያን ጊዜ ዐወቅሁ። ጠርቼ “ጋሼ፣ ነጭ ነው እኮ” ልለው አፌ ድረስ መጣ። ሰው የሸፈነውን መግለጥ ነውር መስሎኝ ዋጥኩት። የዚያን ቀን የሰፋሁትን ቀሚስ ሁለት ጊዜ ተረትሬዋለሁ።

ሐሙስ ደረሰ። እትዬ ደወል ከዐሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ በሩ ጀርባ ነበረች። ቁጭ ብትል የሚያንኳኳው የማይሰማት መሰላት፤ ስለዚህ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ትመላለሳለች። ጫማዋ ሲረግጥ እኔ ድረስ ይሰማል። አንድ ሰዓት ሆነ። አንድ ከአምስት ሆነ። ጋሽ ፍሬን ታች ቆሞ አንገቱን ወደ ላይ አቀና። እሷ አምስት ደቂቃ አርፍዳ አታውቅም፤ ከዚያች ከወደቀችባት ቀን በቀር። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። እጁን መደገፊያው ላይ አድርጎ መውጣት ጀመረ።

እሷ ከበሩ ጀርባ የእርምጃውን ድምፅ ሰማች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እያለች ቆጠረች። ሰባተኛው ላይ ቆመ። እሷም አንድ እርምጃ ወደ መስኮት፣ አንድ እርምጃ ወደ በር ተንቆራጠጠች። እሱ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ሆኖ ያን የጫማ ድምፅ ሰማ። ደህና ናት፣ እየለበሰች ነው አለ። ተመስገን ብሎ ወደ ታች ተመለሰ።

እሷ ግን የሰማችው የሚመለስ እግር ብቻ ነው።

በሩን ከፍታ ስትወርድ ፊቷ ደርቆ ነበር። “ዘገዩ እትዬ፣ ደህና ነዎት?” አላት። “ደህና ነኝ” አለች። አራቱን ዙር ዞሩ። በአንድ እግር ሲቆሙ አልቆጠረችም፤ እሱም ዐሥራ አራት ላይ መውደቁን አላወቀም። ስለ ዝናብ አወሩ። ስለ ዝናብ ያን ያህል ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፤ ዝናብ ደግሞ አልነበረም።

ዓርብ ለእግር ጉዞ አልወረደችም። “ዕቃ እያሰርኩ ነው” ብላ በመስኮት ነገረችው። እሱ ብቻውን እስከ መንገዱ ዳር ሄዶ፣ መኪናዎቹን ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ሳይሻገር ተመለሰ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኢንጂነሩ መኪናውን በር ላይ አቆመ። ዐሥራ አንድ ካርቶን፣ ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽ። ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ ሸሚዙ ራሰ። ጋሽ ፍሬን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ባዶውን ማንጠልጠያ አጥፎ ይዞ ግርጌ ቆሟል። እትዬ ደወል መደገፊያውን ይዛ በዝግታ ወረደች።

“ይኸው፣ ባዶውን” አላት።

“ያስቀምጡት። ከእንግዲህ የሚሞላልዎት ሰው ይፈልጉ።”

“እሺ።”

ይቺ “እሺ” ነካቻት። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመች። “ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሺ ሲሉኝ ኖረዋል። መንገዱ ጭቃ ነው ስል እሺ፣ ልጆቹ በዝተዋል ስል እሺ። አንድ ቀን እንኳ ሌላ ቃል አይወጣዎትም?”

“ምን ልበል እትዬ?”

“ምንም አይበሉ። መልስዎን አክብሬአለሁ። ጨርሰናል።”

“የምን መልስ?”

“እንደማያውቁ አይሁኑብኝ። ቢያንስ ደብዳቤውን ቀድደው ይጣሉልኝ። እጅዎ ላይ እንዲቀር አልፈልግም።”

ጋሽ ፍሬን እጁን ኮቱ ውስጥ ከቶ ወረቀቱን አወጣ። ከመታጠፍና ከመፈታት ብዛት ጨርቅ መስሏል። “አልቀደድኩትም። ከረቡዕ ጀምሮ ከደረቴ አልወጣም” አለ።

“ታዲያ?”

“አንብቢልኝ።”

“ያንብቡልኝ” አላለም። እሷ ለጊዜው ልብ አላለችውም። “በዚህ ዕድሜዬ ሊቀልዱብኝ ነው?” አለች።

“አላይም” አላት። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ግን ሁላችንም ሰማነው። “ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። መብራቱ ምንም አልነበረም። አሁን እንኳ ተቆጥተሽ ይሁን አልቅሰሽ ከድምፅሽ ነው የምገምተው።”

ኢንጂነሩ የተሸከመውን ካርቶን ደረጃው ላይ አስቀመጠ። “ጋሼ፣ ምን አሉ? መንገድ የሚያሻግሯት እርስዎ አይደሉም እንዴ?”

“እኔ ነኝ ልጄ።”

“በምን ዓይንዎ?”

“በጆሮዬ። መኪና ለጆሮ አይደበቅም። አንተንስ በአውቶቡሱ ሳመላልስህ እንዲሁ አልነበር? ከኋላ ስታስነጥስ እኮ ገና ወደ መስታወቱ ሳላይ ነበር የማውቅህ።”

“እናቴን በጭፍን…” ቃሉን ሳይጨርሰው ዋጠው። ፊቱ አመድ መስሏል። “እማዬ፣ በቃ ነይ። መኪና ውስጥ ግቢ።”

ልጁ ይህን ሲናገር ጋሽ ፍሬን አልተከራከረም። ሚስጥሩን ሲያወጣ ምን እንደሚያስከፍለው ያውቅ ነበር፤ ልጁ ከእንግዲህ ለአንድ ቀን እንኳ እንደማያምነው ያውቅ ነበር። ወረቀቱን ወደ ድምፅዋ አቅጣጫ እንደዘረጋ ቆሞ ቀረ፤ እጁ ትንሽ ወደ ግራ ስቷል።

እትዬ ደወል ያን የሳተ እጅ አየች። ከዚያ ደረጃው ላይ፣ እዚያው ሦስተኛው ላይ፣ ጉልበቷን እያቃሰተች ተቀመጠች። ወረቀቱን ተቀበለችው። መነጽሯን ጸጉሯ ላይ ፈልጋ አገኘችው። ልጇ እላይዋ ቆሟል፤ እኔ በሬ ላይ መርፌዬን እንደያዝኩ ነኝ። ጉሮሮዋን ጠረገችና በዳይሬክተር ድምፅ ጀመረች።

“‘ይድረስ ለአንተ። ይህን ሁሉ ዘመን እርስዎ ስልህ ኖሬ አንተ ብዬ ስጽፍ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ፤ ጽሑፌ ቢያስቀይም ይቅር በለኝ። ልጄ ሊወስደኝ ነው። ደግ ነው፣ ክፍሌን ቀብቶልኛል። ግን እዚያ ቤት ውሃ እንኳ ራሴ አልቀዳም። ሁሉ ነገር ይቀርብልኛል፤ እኔ ለማንም የማቀርበው ነገር አይኖረኝም። እዚህ ጠዋት የምነሳው አንተ ታች ስለምትጠብቀኝ ነው። ሐኪሙ ያዘዘልኝን አራት ዙር የምዞረውም ለጉልበቴ ብዬ አይደለም።’”

ድምፅዋ ከዳይሬክተርነት ወረደ።

“‘እኔ ደረጃ ያቅተኛል፣ አንተ ክኒን ታምታታለህ። ብቻ ብቻችንን ግማሽ ግማሽ ሰው ነን፤ አንድ ላይ ብንሆን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል። እኔ ላብስል፣ አንተ ዕቃ እጠብ። እኔ ጋዜጣ ላንብብ፣ አንተ ተከራከረኝ። አንዳችን ስንስል የሚሰማ ሰው ይኑር። እንድቀር ከፈለግህ ሐሙስ ጠዋት ውጣና በሬን አንኳኳ። ካልፈለግህ ታች ቆይ፤ አላዝንብህም።’” እዚህ ላይ ቆመች። ወረቀቱን አየችው። “‘አላዝንብህም ያልኩት ውሸት ነው። አዝንብሃለሁ።’”

ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

“ሐሙስ ሰባት ደረጃ ወጥቻለሁ” አለ ጋሽ ፍሬን።

“ሰምቼሃለሁ። ለምን ተመለስክ?”

“ስትራመጂ ሰማሁ። ደህና ናት ብዬ።”

“የምራመደው አንተን ስጠብቅ ነበር አንተ ሰውዬ” አለችና ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት፤ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ጠርጋ ጠርጋ አላበቃ አላት።

እሱ አንድ እርምጃ ቀረበ። መደገፊያውን ፈልጎ ያዘ። በአጠገቧ አለፈ፣ በልጇ አጠገብ አለፈ፣ ካርቶኑን በእግሩ ዳስሶ ዞረው። እየቆጠረ ወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረሰ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቤቱም ባዶ ነው፤ እሱ ግን በጣቶቹ ጠርዙን ፈልጎ አገኘና ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ድምፁ በባዶው ክፍል ውስጥ ገብቶ ወደ እኛ ተመለሰ።

“ማነው?” አለች እሷ ከታች፤ ቃሉ ግማሹ ትንፋሽ ነበር።

“እኔ ነኝ። አትሂጂ።”

ኢንጂነሩ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን እያየ፣ “ሁለታችሁም ብትወድቁስ እማዬ?” አለ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር የሚመስለው።

“እንወድቅ ይሆናል” አለችው። “አንተ ጋም እወድቃለሁ ልጄ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ፣ ማንም ሳያይ ነው የምወድቀው።”

“ሰው ምን ይላል ብዬ አልነበረም… እሱንም ብያለሁ፣ ዋሽቼ አልወጣም። ግን ፈርቼ ነው።”

“ዐውቃለሁ። እኔም እፈራለሁ። ና፣ እጄን ያዝና አስነሳኝ።”

አስነሳት። ከዚያ እንደ ኢንጂነር ማዘዝ ጀመረ፤ የሚያውቀው ሐዘን ማስታገሻ ያ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚያዝ ብረት ይተከላል። ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ላስቲክ ይነጠፋል። ማክሰኞ ዕለት ራሱ መጥቶ ጋሼን ወደ ዓይን ሐኪም ይወስዳል፤ እስከዚያ ዋናውን መንገድ ማንም ለማንም አያሻግርም፣ ግቢውን ነው መዞር። ስልክ ጠዋትና ማታ። “ጋሼ፣ ሰምተዋል?” ብሎ ወደ ላይ ጮኸ። “ሰምቻለሁ፣ የሚሠራልኝ ጆሮዬ ነው” አለ ከላይ። ልጁ ሳይወድ ሳቀ። ዐሥራ አንዱንም ካርቶን፣ ሻንጣዎቹንና ፍራሹን መልሶ ወደ ላይ አወጣ። ሲሄድ እናቱን አቅፏት ቶሎ አለቀቃትም፤ መኪናውን አስነስቶም ወዲያው አልነዳም።

ሁሉም ነገር ረጭ ሲል ትንሽ ሻይ ይዤላት ወጣሁ። ደስ ብሏት የማገኛት መስሎኝ ነበር። ቤቱ መሐል ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ አገኘኋት። አንድም ካርቶን አልፈታችም።

“ጋሼስ?”

“ታች ወርዷል። ትንሽ ልተኛ አለ። እሱም ፈርቷል፣ ድምፁን አልሰማሽውም?” ተነሳች፤ መስኮቱ ድረስ ሄደች፤ ተመለሰች። “ሰባ አራት ዓመቴ ነው እኮ። ልጄን አስለቅሼ፣ ማየት የማይችል ሰው ይዤ ቀረሁ። የዓይኑ ቀዶ ጥገና ባይሳካስ? ከሁለታችን አንዳችን ቀድመን ብንሄድስ? ልክ ነው ያደረግሁት?”

“አላውቅም እህቴ” አልኳት። እውነቴን ነው፤ አላውቅም።

ሻይዋን ተቀብላ ሳትጠጣው አስቀመጠችው። “ልቤ እንዴት እንደሚመታ ንኪልኝ” አለች። ነካሁት። እንደ ወፍ ጫጩት ይርገበገባል። “ይኼ ደስታ ነው ወይስ ፍርሃት?” አለችኝ፤ ዓይኗን አፍጥጣ፣ መልሱን እንደማውቅ ሁሉ። ሁለቱም መሰለኝ፤ ግን አልነገርኳትም። አጠገቧ ሌላው ሻንጣ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ሦስት ጊዜ ተነስታ ሦስት ጊዜ ተቀመጠች።

እናንተ ልጆቼ፣ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ወደ ቤታችሁ ለመውሰድ መኪና ያዘጋጃችሁ ቀን፣ እባካችሁ እቺን ሴት አስታውሱልኝ፤ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ልቧም እንደዚያ ይመታል።